የሦስቱ ደጃፎች ዕጣ

ሊያ መዳፏን ከፍታ ሦስቱን ነገሮች ስታይ ከሁሉ ቀድሞ የለየችው አዝራሩን ነበር።

ከአዝራሩ ጋር አንዲት ጠጠርና አንድ የገብስ አገዳ ስባሪ አብረው ነበሩ። ጠጠሯ የማንም ልትሆን ትችላለች፤ ግቢው ሙሉ ጠጠር ነው። አገዳውም እንዲሁ። አዝራሩ ግን ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዳሩ በአንድ በኩል የተሸረፈ ነው። እንዲህ ዓይነት አዝራር ያለው ልብስ ሊያ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በደንብ ታውቀዋለች።

«እንግዲህ ልጄ፣» አሉ አባ ኪዳነወልድ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «በየደጃፉ አንድ አንድ ትጥያለሽ። አንዱን ሱቁ ደጃፍ፣ አንዱን ሳሎኑ ደጃፍ፣ አንዱን ከኋላው ክፍል ደጃፍ። የቱ የማን እንደሆነ አንቺ አታውቂም፤ የቱን የት እንደምትጥዪም እኛ አናዝሽም። ዕጣ ማለት ይኸው ነው። በይ ሂጂ።»

«ቆይ እስቲ፣» አሉ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሌላው ሽማግሌ። «ይቺ የብርቱካን ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«ታዲያ ለእናቷ ብታደላስ?»

«ከትምህርት ቤት መምጣቷ ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ምን አይታ ታደላለች? ያላየ ዓይን ዘመድ የለውም።» አባ ኪዳነወልድ ፈገግ አሉ። «ያ የጎረቤት ልጅ፣ ቃለ አብ፣ በአጥር ቀዳዳ ሲያጮልቅ ባይያዝ ኖሮ እሷንም ባላስቸገርናት። ደግሞ አጎቷ ሰይፈሥላሴም ትጣል ብሏል።»

ሊያ ጣቶቿን አጠፈች። የኅዳር ንፋስ አጥሩን እያፏጨ ነው፤ የእሷ መዳፍ ግን አልቦታል።

ወራሾቹ ሦስቱም ከግቢው በር ውጭ ቆመዋል። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ እያንዳንዱ ወራሽ የራሱን ምልክት በጋቢ ሥር ለሽማግሌው ያቀብልና ይወጣል፤ ዕጣው እስኪጣልም አይመለስም። ሊያ ስትገባ በሩ ላይ አልፋቸው ነበር። አጎቷ ሰይፈሥላሴ ከጎረቤላ በጠዋቱ መኪና የመጡ ናቸው፤ ስልካቸውን ደጋግመው ያያሉ። እናቷ ብርቱካን ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ የወጣች ናት፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባለች። ሦስተኛዋ ትርንጎ ነበረች፤ ሹራቧን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨምድዳ መሬት መሬት ታያለች። ሊያ ያኔ በርዷት መስሏት ነበር። አሁን ገባት። ሹራቡ አንድ አዝራር ጎድሎታል።

ቤቱ የሊያና የትርንጎ አያት የእማማ ወለተሐና ነበር። እማማ በክረምቱ መውጫ ካረፉ በኋላ ለሦስት ልጆቻቸው ቀረ፤ ለሰይፈሥላሴ፣ ለብርቱካንና ቀድሞ ለሞተው ለደምሴ። የደምሴ ድርሻ ለአንዲት ልጁ ለትርንጎ ነው። አንዱ የሌሎቹን ገዝቶ እንዳያስቀረው አቅም የለውም፤ ሦስቱም አብረው እንዳይኖሩበት ኑሯቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ይሸጥ ተባለ፤ ገዢም ብዙ ሳይፈለግ ተገኘ። ይኸው ገዢ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። አስፋልቱን የያዘውን ሱቅና ከሱቁ ቀጥሎ ያለውን ሳሎን ወደደ። የኋላውን ክፍል ግን አየት አድርጎ፣ «እሱን ለራሳችሁ አድርጉት፤ ለእኔ ጀርባ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ማንም ሰው ሱቁን አልፈለገም፤ ሳሎኑንም አልፈለገም። ሦስቱም የፈለጉት ያንን ጀርባ ነበር።

አጎቷ የፈለጉት ለልጃቸው ለልዑል ነው። ልዑል በመጪው ዓመት ደብረ ብርሃን ገብቶ ይማራል፤ ከጎረቤላ ደግሞ ተመላልሶ መማር አይታሰብም። የሊያ እናት፣ «የእናቴ ቤት ሙሉ በሙሉ ለባዕድ ሲሄድ አላይም» አለች፤ ክፍሉ ከደረሳት ሊያ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እንድትዘጋጅበት ቃል ገብታላታለች። ትርንጎ ደግሞ እዚያው ነው የምትኖረው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእማማ ጋር በዚያ ክፍል አድጋለች። ክፍሉ ለእሷ ከሆነ፣ መዘዞ ከገዛ ወላጆቿ ጋር ያለችው እናቷ መጥታ አብራት ልትኖር ተስማምታለች። ካልሆነ ግን ትርንጎ ዕቃዋን ይዛ ወደ አክስቷ ወደ ብርቱካን ቤት ትገባለች።

ሽማግሌዎቹ፣ «ለልጅቷ ይሁን» ብለው ነበር።

«የእኔም ልጅ፣ ልጅ ነው» አሉ ሰይፈሥላሴ። በመጨረሻ ዕጣ ይውጣ፤ የፊቶቹ የደረሷቸው ለነጋዴው ይሽጡ፣ የኋላው የደረሰው ያስቀር፣ የዋጋውን ብልጫ ሽማግሌ ያስተካክለው ተብሎ ተለያዩ።

ሊያ በሱቁ ደጃፍ ቆመች። ቆርቆሮው በር ተዘግቷል፤ ደፉ ላይ የአስፋልቱ አቧራ ተኝቷል። ከሦስቱ መካከል የገብሱን አገዳ መርጣ አስቀመጠችው። አገዳው የእናቷ ይሁን የአጎቷ አላወቀችም፤ ስለዚህ እጇ አልከበዳትም።

በእጇ የቀሩት ጠጠሯና አዝራሩ ናቸው። የቀሩት ደጃፎችም ሁለት ናቸው።

ስለ ሹራቡ ማንም አልነገራትም ነበር፤ አምና የገና ዕለት ራሷ አየችው። እማማ የመንዝ በግ ፀጉር ራሳቸው ፈትለው፣ ራሳቸው ሠርተው፣ አዝራሮቹን ከሟቹ ከደምሴ አሮጌ ካፖርት ላይ ፈትተው ሰፍተውበታል። ትርንጎ ለብሳው ብቅ ስትል ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ የሊያ እናት ዓይኗን ጠረገች። ለሊያ በዚያው ቀን ከእማማ የመጣላት ከገበያ የተገዛ የአንገት ልብስ ነበር፤ ቀይ፣ አዲስ፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ ያልተነሳለት። ሊያ አመስግና ተቀበለችና ቤት ስትደርስ ቁምሳጥን ሥር ወረወረችው። ከገበያ የተገዛ ነገር ማንም ለማንም ሊገዛው ይችላል።

ሹራቡ ብቻ ቢሆን ትረሳው ነበር። በለቅሶው ሰሞን ከአንኮበር የመጡ አንዲት ባልቴት ትርንጎን አቅፈው አልለቅ አሉ። «የወለተሐና ዓይን፣ የወለተሐና ምርኩዝ» እያሉ አለቀሱላት። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ ወደ ሊያ ዞሩ፤ «አንቺስ የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ሊያ ከእማማ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ የምትኖር የልጅ ልጅ ናት። የእናቷን ስም ነግራቸው የውኃ ጆግ ለማምጣት እንደምትሄድ ሆና ወጣች። ጆጉ የት እንዳለ ግን አታውቅም ነበር። ያመጣችው ትርንጎ ናት።

ቤትም ብትገባ ወሬው ያው ነው። «ትርንጎ እኮ አምና ፈተናውን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ነው ያለፈችው።» «ትርንጎ እኮ ሳትታዘዝ ነው ዕቃ የምታጥበው።» «ትርንጎን ጠይቂያት፤ ታስረዳሻለች።» ሊያ አንድ ቀን ቆጣ ብላ፣ «ለምን እሷን አትወልጃትም ነበር?» ብላ ጠየቀች። እናቷም፣ «ከማን ጋር እንደምትፎካከሪ አስተውዪ እንጂ፤ አባቷ ከሞተባት ልጅ ጋር» አለቻት። እሱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አንድ ልጅ አንደኛም ወጥታ፣ ታዛዥም ሆና፣ ታዝኖላትም አይቻልም። አንዱን እንኳ ለሰው መተው ነበረባት።

ባለፈው ሳምንት እናቷ ተጨማሪ ፍራሽ ገዝታ መጣች።

«የማን ነው?» አለች ሊያ።

«የትርንጎ። የኋላው ክፍል ካልደረሳት ካንቺ ጋር ትተኛለች።»

«የኔ ክፍል ለአንድ ሰው ነው።»

«አልጋሽን ወደ ግድግዳው ብናስጠጋው ይበቃል።»

«አልጋዬ አይነካም።»

 ፍራሹ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሊያ ወደ ክፍሏ ስትገባና ስትወጣ በጎኗ ታከከዋለች፤ በታከከችው ቁጥርም ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል።

የሳሎኑን ደጃፍ አልፋው ሄደች። ሽማግሌዎቹ ከአግዳሚው በዓይናቸው ተከተሏት፤ የቤቱን ማዕዘን ስትዞር ግን ከዓይናቸው ተሰወረች። ከኋላው ክፍል ፊት ለፊት ብቻዋን ናት።

ደጃፉ ተጠርጓል። የታጠበ የሸራ ጫማ ግድግዳውን ተደግፎ ይደርቃል። በመስኮቱ ስታይ ሁለቱ አልጋዎች በቦታቸው ናቸው፤ የእማማ አልጋ አዲስ አንሶላ ለብሷል። አንሶላው ጥግ ጥጉ በጥንቃቄ ታጥፏል፤ ሰው እንደሚመጣበት። ግድግዳው ላይ ካሉት የልብስ መስቀያ ምስማሮች ግማሹ ባዶ ተደርጓል። ትርንጎ ለእናቷ ቦታ አዘጋጅታለች።

ሊያ አጎንብሳ አዝራሩን ደፉ ላይ አስቀመጠች።

ቀላል ነው። ትርንጎ እዚሁ ትቀራለች፤ እናቷ ከመዘዞ ትመጣለች፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ፍራሽ ወደ ተገዛበት ይመለሳል። የሊያ አልጋም አይነካም። ሁሉም ሰው፣ «እጇ የተባረከ ነው» ይላል። ግን ሊያ ይህን በር ከዛሬ ጀምሮ ማንኳኳት ይኖርባታል። የእማማ ክፍል የትርንጎ ክፍል ይባላል፤ ሹራቡም የእሷ፣ ለቅሶውም የእሷ፣ ክፍሉም የእሷ። ሊያ አዝራሩን አነሳችው።

ጠጠሯን አስቀመጠች። እንዲህም ይሆናል። ጠጠሯ የአጎቷ ብትሆንም የእናቷ ብትሆንም፣ ቢያንስ የትርንጎ አትሆንም። ትርንጎ አንድ ጊዜ እንኳ የፈለገችውን ታጣለች፤ ማጣት ምን እንደሚመስል ታየዋለች። ከዚያስ? ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች። በሊያ ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች፤ ማታ ማታ ከሊያ እናት ጋር ሽንኩርት እየላጠች ታወራለች፤ እናቷም ዘወር ብላ፣ «አየሽ?» የሚል ዓይን ለሊያ ትልካለች።

ጠጠሯንም አነሳቻት።

ያላየ ዓይን ዘመድ የለውም ብለዋል አባ። ሊያ ግን አይታለች። ከዚህ ወዲያ የትኛውንም የትም ብታስቀምጥ፣ ያስቀመጠችው እሷ እንጂ ዕጣው አይደለም። ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ስታስቀምጥ ያሰበችው ስለ ራሷ አልጋና ስለ ራሷ ሆድ እንደነበር ከራሷ ልትሰውር ብትሞክርም አልሆነላትም።

ዞራ ወደ ሱቁ ሄደችና አገዳውን ከደፉ ላይ አነሳች። ሦስቱንም ይዛ አግዳሚው ፊት ቆመች።

«ጨረስሽ?» አሉ አባ ኪዳነወልድ።

«አልጣልኩም፣ አባ።»

«ምነው?»

«አንዱን አወቅኩት።»

ሌላው ሽማግሌ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «እኔ ምን አልኩ።»

«የማንን አወቅሽ?» አሉ አባ።

«እሱን ከተናገርኩማ የባሰ ይሆናል።» ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት። «ሌላ ሰው ይጣል።»

አባ ኪዳነወልድ ሦስቱን ነገሮች ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አቀረቧቸው። አዝራሩ ላይ ሲደርሱ ቅንድባቸው ተነሳ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣» አሉ በዝግታ። «በጋቢ ሥር ስቀበል በእጄ ነው የዳሰስኩት፤ ድቡልቡል ነገር ሲሆንብኝ ጠጠር መስሎኝ አለፍኩት። ለዕጣ አዝራር አይሰጥም። ስም የተጻፈበት ያህል ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ቦርሳሽን አውርጂ እስቲ፤ ትከሻሽ ደከመ።»

ወራሾቹ ተጠሩ። ሰይፈሥላሴ ነገሩን ሲሰሙ ሰዓታቸውን አዩ። «ገዢው እየደወለ ነው፤ የጎረቤላ መኪናም አይጠብቀኝም። እንግዲህ ሌላ ልጅ ደግሞ ከየት ይመጣል?»

«ይመጣል፣ ወንድምጋሼ፤ ይረጋጉ፣» አለች የሊያ እናት። ዓይኗ ግን ሊያ ላይ ነበር።

ምልክቶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ እያንዳንዱ የራሱን እንዲያነሳ ተነገረ። ሰይፈሥላሴ ጠጠሯን አነሱ፤ ብርቱካን አገዳውን። ትርንጎ በመጨረሻ ቀርባ አዝራሩን ወሰደች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ ሊያን አየቻት።

«አሁን ከአጥሩ ስንጥር ስንጥር ስበሩ፣» አሉ አባ። «አንዱ ልጡን ይላጥ፣ አንዱ ጫፉን ይስበር፣ አንዱ እንዳለ ይተወው። ለይታችሁ እወቁ፤ ለእኔም አትንገሩኝ።»

ስንጥሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ አባ ራሳቸው እስከ መንገዱ ወጥተው አንድ ባጃጅ አስቆሙ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ከግቢው በር ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያየው ደንገጥ አለ።

«ከየት ነህ አንተ?»

«ከደነባ።»

«እዚህ የቆሙትን ሰዎች ታውቃቸዋለህ?»

«ኧረ አንዳቸውንም። አባ፣ ምን አጠፋሁ? ተሳፋሪ ይዣለሁ እኮ።»

«አላጠፋህም። ሞተሩን አታጥፋ፤ ሦስት ስንጥር በሦስት ደጃፍ ጥለህልን ትሄዳለህ።»

«ቤት ነው የሚካፈሉት?» አለ ሾፌሩ እየወረደ። «የኛም ሰፈር እንዲህ ተጥሎ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።»

«አንተ ብቻ ጣል፣» አሉ ሰይፈሥላሴ።

ሊያ ከወራሾቹ ጋር ወደ ውጭ ወጣች፤ ግቢው ውስጥ የምትቆምበት ምክንያት አልነበራትም። እናቷና አጎቷ በሩ አጠገብ ቀሩ። ትርንጎ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር ሄዳ ቆመች። ሊያ መጀመሪያ ራቅ ብላ ነበር የቆመችው፤ ንፋሱ ሲብስባት እሷም ወደ ምሰሶው ተጠጋች።

«የኔን ነው አይደል ያወቅሽው?» አለች ትርንጎ።

«በእጅሽ ይዘሽው ትጠይቂኛለሽ እንዴ?»

«ቃለ አብ ነው የሚጥለው ብለውኝ ነበር። ቃለ አብ የሰው ሹራብ መች ያያል፤ የሚያየው ኳስ ብቻ ነው።» ትርንጎ አዝራሩን በጣቶቿ መሃል አሽከረከረችው። «ኪሴ ውስጥ ምንም አልነበረኝም። ይሄ ደግሞ ሊበጠስ ደርሶ ነበር።»

«ሼም ነው፤ ዕጣ በአዝራር።»

ትርንጎ ልትስቅ ስትል ተወችው። «ዝም ብትዪ ኖሮ የት ልታደርጊው ነበር?»

ሊያ ወደ አስፋልቱ አየች። በጎች የጫነ አይሱዙ እያዘገመ አለፈ።

«እዚያ ደጃፍ አስቀምጬው ነበር። ከዚያ አነሳሁት። ጠጠሩንም አስቀምጬ አነሳሁት።»

«ብትተዪው ኖሮ እናቴ ትመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ልትመጣ ትችላለች።»

«ትችላለች።»

 ከግቢው ውስጥ የሾፌሩ እርምጃ ይሰማል፤ እሱ ቤቱን የሚዞረው አንድ ሰው ዕቃ ረስቶ እንደሚፈልግ በጥድፊያ ነው።

«ትቀኚብኛለሽ አይደል?» አለች ትርንጎ፣ የትምህርት ጥያቄ እንደምትጠይቅ በረጋ ድምፅ።

«እኔ? በምንሽ?»

«እኔ ስለምቀናብሽ አውቀዋለሁ።»

ሊያ ዞር ብላ አየቻት። «አንቺ ደግሞ በምን?»

«አንቺ ስትመጪ ዕንቁላል ይጠበሳል። ጠባሿ እኔ ነኝ። እማማ ከአልጋቸው ሆነው፣ ‹ሊያ አትወድም፤ በርበሬ አታብዢ› ይሉኛል። እኔ ምን እንደምወድ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ እዚያው ነኛ። ከዚያ ትበያለሽ፣ ትስሚያቸዋለሽ፣ እናትሽ እጅሽን ይዛ ትወስድሻለች።» ትርንጎ ትከሻዋን ሰበቀች። «አንድ ቀን ሆን ብዬ አብዝቼበታለሁ።»

«ምኑን?»

«በርበሬውን።»

ሊያ ትንሽ አሰበች። «የዳግማ ትንሣኤ ዕለት?»

«እሱን ነው።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ያመመኝ ቀን?»

«አቦ፣ ያን ያህል አልነበረም።»

«አንቺ መች አየሽኝ።» ሊያ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን እግሩ ተንሸራቶ እንደ ሳቅ ያለ ነገር ሆነባት። እማማ ምን እንደማትወድ ያውቁ ነበር። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ያስታውሱት ነበር። ይህን እስከ ዛሬ የነገራት የለም።

ባጃጁ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። አባ ኪዳነወልድ ከበሩ ብቅ አሉ።

ልጡ የተላጠው ስንጥር ሱቁ ደጃፍ ነበር፤ የብርቱካን። እንዳለ የተተወው ሳሎኑ ደጃፍ፤ የትርንጎ። ጫፉ የተሰበረው ከኋላው ክፍል ደጃፍ። ሰይፈሥላሴ ቀርበው የራሳቸውን ስንጥር አዩ፤ አነሱትም፤ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። «እንግዲህ እግዜር የሰጠው ነው» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። ትንሽ ቆይተው ትርንጎን በእጃቸው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት። «ልጄ፣ ልዑል እስኪመጣ ብዙ ወራት አለ። ዕቃሽን ዛሬ አታውጪ።»

«እሺ ጋሼ፣» አለች ትርንጎ። «ብቻዬን ግን እዚያ አላድርም፤ ይከብደኛል።»

ለብቻዋ ወደ ኋላው ክፍል ገባች። ሊያ ከማዕዘኑ ሆና በመስኮቱ አየቻት። አላለቀሰችም። የእማማን አልጋ አዲስ አንሶላ ገፈፈች፤ ጫፍና ጫፉን ይዛ ልታጥፈው ስትሞክር ለአንድ ሰው ረዘመባት፤ መሬት እንዳይነካ በአገጯ ያዘችው። ሊያ መግባት አለመግባቷን እያሰበች ቆየች። ከዚያ በሩን አንድ ጊዜ አንኳኳችና ገብታ ሌላኛውን ጫፍ ያዘችላት።  አንሶላው አራት ሲታጠፍ መሃል ላይ ተገናኙ፤ ትርንጎ ተቀበለቻትና ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

ሰይፈሥላሴ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ሽማግሌዎቹም መርቀው ተነሱ። ፀሐይ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወርዳ ውርጩ ከአሁኑ ይሰማል። ብርቱካን ባጃጅ አስቁማ የትርንጎን ሻንጣ ካስገባች በኋላ ሊያን ወደ ጎን ወሰደቻት። ስለ ዕጣው አልጠየቀቻትም። የሊያን የደንብ ልብስ አንገትጌ አስተካከለች፤ መስተካከል የሚያስፈልገው አልነበረም።

«ዛሬ አላስቸግርሽም፣» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፍራሹን እኛ ቤት ሳሎን አነጥፍላታለሁ። ሌላውን ቀስ ብለን እናስብበታለን።»

ሊያ ወደ ባጃጁ አየች። ትርንጎ ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ገጥማ ይዛለች፤ አዝራሩ በጎደለበት በኩል ንፋስ እየገባባት ነው።

«ሳሎን ይበርዳል፣» አለች ሊያ። «አልጋዬን ወደ ግድግዳው እገፋዋለሁ።»

እናቷ ከሾፌሩ ጎን ለመቀመጥ ስትዞር የሊያን ጭንቅላት በመዳፏ ነካ አደረገች።

ሊያ ገብታ ከትርንጎ አጠገብ ተቀመጠች። ሻንጣውን እግሮቻቸው መሃል ሸጎጡት።

«በክፍሌ የመስኮቱ ጎን የኔ ነው፣» አለች።

«መስኮቱ ንፋስ ያስገባል?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ያንቺ ይሁን።»

ባጃጁ ተነሳ። ሱቁ፣ ሳሎኑ፣ ከጀርባቸው ያለው ጣሪያ ተራ በተራ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሁለቱም ዞረው አላዩም። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ ሊያ እጇን ዘረጋች።

«አምጪው አዝራሩን። ትጥዪዋለሽ።»

ትርንጎ ለአፍታ አመነታች። ከዚያ መዳፏ ላይ አኖረችላት፤ ሊያም ጣቶቿን አጠፈች።